ለቢሻው የወጣ ተዝካር

ባለቤቴ ኃይለየሱስ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን ጎባ ውስጥ፣ ከአንድ መቶ አለቃ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ እኔ አጠገቡ እየሰማሁት «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ነው የቆምኩት። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ እሱም አለ፣ እኔም አለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልደርስ ፊደል የለየሁት በእሱ ምክንያት ነው፤ ታሪኩን ለመጻፍ የደፈርኩትም ለዚሁ ነው።

የምንኖረው ሮቤ ነው። ኃይለየሱስ የአቶ ተሰማን ወፍጮ ያንቀሳቅሳል። አቶ ተሰማ ጎባ ስለሚኖሩ ወፍጮ ቤቱ በእሱ እጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ሞተሩን ያስነሳል፣ እህሉን ይመዝናል፣ ተራ የሚዘለውን ይገሥጻል። ልብሱ፣ ቅንድቡ፣ ጢሙ ሁልጊዜ ዱቄት ነው። የማያውቀው ሰው ሽማግሌ እየመሰለው ከመቀመጫው ይነሣለታል።

ሞተሩ አሮጌ ነው። ጥቂት እንደሠራ ይግላል፤ ያን ጊዜ ማቆም ግድ ይሆናል። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ተለውጦለት እስኪበርድ ድረስ ገበሬው ሁሉ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በሌላ ወፍጮ ቤት ይህ የጠብ ሰዓት ነው። እኛ ጋ ግን ሰው ሞተሩ የሚቆምበትን ጊዜ ይናፍቃል፤ ምክንያቱም ኃይለየሱስ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ከሚዛኑ በላይ ካለው መደርደሪያ መጽሐፉን ያወርዳል።

መጽሐፉ ምንጊዜም የአንድ ሰው ነው፤ የደራሲ አስረስ ውብነህ። ኃይለየሱስ ደራሲውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጭነት መኪና ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሲቆም ግን ሾፌሩ ገና ሳይወርድ ይጠየቃል።

«አስረስን አየኸው?»

«የቱን አስረስ?»

«ደራሲውን ነዋ! አዲስ ነገር ጻፈ ይላሉ?»

«ወንድሜ፣ እኔ መርካቶ ሽንኩርት ነው ያራገፍኩት፤ ደራሲ አላራገፍኩም።»

ሰው ይስቃል፣ እሱ አይስቅም። በየዓመቱ ገብሱ ሲደርስ ለአስረስ የሚሆን በሶ ለብቻው ፈጭቶ በንጹሕ ከረጢት ያስቀምጣል፤ አንድ ቀን አዲስ አበባ ይዞለት ሊሄድ። በሶው ሲቆይ እኛው እንበላዋለን፤ በዓመቱ ሌላ ይተካል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም፣ የሟች እናቱንና የእኔን ስም ካነሣ በኋላ፣ «አስረስንም ከነብዕሩ ጠብቅልኝ» ሲል እሰማዋለሁ።

አነባበቡ የራሱ ነው። አንድ ገጽ በአማርኛ ያነብባል፤ ከዚያ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ያንኑ በኦሮምኛ ይነግራል። እዚሁ ተወልዶ ስላደገ ሁለቱም የአፉ ቋንቋዎች ናቸው። በኦሮምኛ ሲነግር ግን አገሩን ወደ እኛ ያመጣዋል። መጽሐፉ ውስጥ ዝም ብሎ «ወንዝ» ተብሎ የተጻፈው የእኛው ሻያ ይሆናል። ባለጋራው ቤቱን ጎሮ መንገድ ላይ ይሠራል። በቅሎዋ ከገሰራ ገበያ የተገዛች ትሆናለች። አንድ ጊዜ፣ «አስረስ እንዲህ አልጻፈም እኮ» ስለው፣ «የባሌን አገር ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ነበር የሚጽፈው» አለኝ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የሚያነብበትን ጣቱን በዓይኔ ስከተል፣ ስከተል፣ አንድ ቀን ሳላስበው ቃሉን ከእሱ ቀድሜ አልኩት። ደንግጦ አየኝና፣ «በይ ቀጥዪ» አለኝ። ያን ቀን ለአምላኬ የሰገድኩትን ስግደት አልረሳውም።

ችግር ያመጣብን መጽሐፍ የቢሻው ታሪክ ነው። ቢሻው መሬቱን በሐሰት ምስክር ተቀምቶ የሸፈተ ገበሬ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በባሌ ጫካ የገቡ ሰዎች ነበሩ። በየመንገዱ ኬላ፣ በየገበያው ጆሮ ጠቢ ነበር። «ሸፈተ» የሚለውን ቃል ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር የሚናገረው። እኔ ገና ከጅምሩ ፈርቻለሁ።

«ይሄን እንኳ ቤትህ አንብበው» አልኩት።

«ምን ሆነሻል? ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«እነሱ ልብ ወለድ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ማናልበሽ፣ አስረስ ክፉ ነገር አይጽፍም» አለና ጨረሰ።

መጽሐፉን የገዛው ከአንድ ሾፌር ነው፤ አሮጌ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ግን አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ያዳምጥ ጀመር። መጨረሻው የተነበበ ቀን እህሉ ያለቀለት ሰው እንኳ ወደ ቤቱ አልሄደም። ኃይለየሱስ ቢሻውን ከነበቅሎው ወንዝ ዳር አድርሶ አቆመ። መጽሐፉን ገልጦ ብዙ አየው። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ደፋውና፣ በሁለቱም ቋንቋ እያፈራረቀ፣ የመንግሥት ታጣቂዎቹ ነጭ ለባሾች ከሻያ ማዶ አድፍጠው እንደጠበቁት፣ ቢሻውም መሻገሪያው ላይ ተመትቶ ውሃው እንደወሰደው ተናገረ።

ሰው አለቀሰ። ነገሪ የሚባል ገበሬ ዱላውን መሬት ወረወረና፣ «ለምን በላይኛው መሻገሪያ አልሄደም! ስንቴ አልኩ!» ብሎ ተቆጣ።

ከሁሉ የባሰችው ወለተ ማርያም ናት። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ለከብት ንግድ ወደ ብድሬ እንደወጣ ቀርቶ ሬሳው እንኳ ያልተገኘላት ሴት ናት። ሰው ሲበተን ወደ ኃይለየሱስ ቀረበችና፣ «አያ ኃይለየሱስ፣ የቢሻው የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አለችው። እሱም ትንሽ አሰበና «ገብረ ሥላሴ» አላት። እኔ ከውጭ ውሃ እየቀዳሁ ስለነበር አልሰማሁም።

የሆነውን ያወቅሁት በተዝካሩ ቀን ነው። ወለተ ማርያም «ለነፍስ የሚሆን ጥቂት ነገር አዘጋጅቻለሁ» ስላለችን ለልጇ መስሎኝ ሄድኩ። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል፤ የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ ዱቄት አዋጥቷል። መምሬ ገብረወልድ ጸሎቱን ሲያደርሱ የሟቹን ስም ጠሩ፤ ገብረ ሥላሴ። ገብረ ሥላሴ የኃይለየሱስ የክርስትና ስሙ ነው። ዞር ብዬ አየሁት። ዳቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት።

«የራስህን ስም ሰጠሃት?»

«አስረስ የክርስትና ስሙን አልጻፈውማ። እኔ ከየት ላምጣ?»

«ከየትም! ገብረ ማርያም አትልም? ወልደ ሚካኤል አትልም?»

«የሌላ ሰው ስም ሆኖ ቢገኝስ? ሰው ላይ ሟርት እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ። «ደግሞ ለወሬ መስሎኝ እንጂ ተዝካር ታወጣለች ብዬ አልጠበቅሁም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በቁሙ ተዝካሩ የወጣለት ሰው ምን ይጠብቀዋል? ሲስል እደነግጣለሁ፤ የሚሽከረከረው የሞተሩ ቺንጋ አጠገብ ሲያጎነብስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሞት በዚህ በኩል ይመጣል ስል፣ ፍርሃቴ በሌላ በኩል መጣ።

መቶ አለቃ በየነ ከጎባ የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀጭን፣ ቶሎ የማይቆጡ፣ ግን የማይስቁ ሰው ናቸው። ከኋላቸው አሥር አለቃ ባዳሳ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ወፍጮው ስለሚጮህ የሚሉት አልተሰማም። ኃይለየሱስ ሞተሩን አጠፋ። ልማድ ሆኖበት ሰው ሁሉ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

«ቢሻው የሚባለውን ሽፍታ የሚያውቅ ማነው?» አሉ መቶ አለቃው።

«ኧረ ሁላችንም እናውቀዋለን ጌታዬ» አለች ወለተ ማርያም። «ነፍሱን ይማረውና ጥሩ ሰው ነበር።»

«የት ነው የሞተው?»

«ሻያ መሻገሪያው ላይ ነዋ! ነጭ ለባሾች አድፍጠው ነው የገደሉት፤ እጃቸው ይቆረጥ።»

እግሯን ረገጥኳት። «ምን ትረግጪኛለሽ ማናልበሽ? ዋሸሁ እንዴ?» አለችኝ ጮክ ብላ።

«በላይኛው መሻገሪያ ቢሄድ ይተርፍ ነበር ጌታዬ» አለ ነገሪ፤ «እኔ ያኔውኑ ተናግሬያለሁ።»

«ለማን ነው የተናገርከው? ለሽፍታው?»

«ለሁሉም ነው የተናገርኩት! እዚሁ ነበርን እኮ፣ ሁላችንም።»

መቶ አለቃው ወደ ባዳሳ አዩ። ባዳሳ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ኃይለየሱስ ከዱቄቱ ይበልጥ ነጥቶ መሐል ገባ።

«ጌታዬ፣ ሰው አይደለም። የመጽሐፍ ሰው ነው። ደራሲ አስረስ ውብነህ የጻፈው ልብ ወለድ ነው።»

«ለልብ ወለድ ተዝካር ይወጣል?»

ኃይለየሱስ ወደ ወለተ ማርያም አየ።

«መጽሐፉን አሳየኝ» አሉ መቶ አለቃው።

መደርደሪያው ባዶ ነው። ጁሀራ ወስዳዋለች። ጁሀራ የጎሮ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ሮቤ ስትመጣ እህሏን እኛ ጋ ታስፈጫለች። መጨረሻው ሲነበብ ስላልነበረች «ቤቴ የተከራየ መምህር አለ፣ እሱ ያነብልኛል» ብላ ተውሳው ነበር።

«መጽሐፉ እስኪገኝ አንተ ከእኛ ጋር ትቆያለህ» አሉት።

ሲወስዱት ዞር ብሎ «ማናልበሽ፣ መጽሐፉ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር የፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ የሚያፍርም ሰው ይመስል ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወደ ጎሮ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ነበር፤ ከፍርሃቴ የተነሣ የሰኞውን ከማክሰኞው ደባልቄ ደገምኩት። ኬላ ላይ አንድ ወታደር «ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«ጎሮ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«መጽሐፍ ላመጣ።»

«ምን መጽሐፍ?»

የቢሻውን ስም ብጠራ ወረድ በይ የሚለኝ መሰለኝ። «ባለቤቴ የሚወደው መጽሐፍ ነው» አልኩት። እውነት ነበር። ወታደሩ ሳቀና፣ «ባልሽ ታድሏል፤ የእኔዋ ሲጋራዬን እንኳ አታመጣልኝም» ብሎ አሳለፈን።

ጁሀራ ስትሰማ ሚዛኗን ጥላ ተነሣች።

«ሱብሃነላህ! ኃይለየሱስን? ያን በግ?»

«መጽሐፉን ስጪኝ፣ ዛሬውኑ ልመለስ።»

«እሰጥሻለሁ። ባልሽ ግን አታሎኛል፣ ወላሂ! መምህሩ እስከ ጫፉ አነበበልኝ፤ ሻያ የለም፣ ነጭ ለባሽ የለም፣ ሞት የለም። መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ነው የሰጠኝ!»

ተቀብዬ ገለጥኩት። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሉም፤ የተሰፉበት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። የኃይለየሱስ ጣት ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ስለሆነ አላስተዋልኩትም ነበር። በቀረው ገጽ ግርጌ ቢሻው ወንዙ ዳር ቆሟል፤ የበቅሎዋን ልጓም ይስባል። የመጨረሻው መስመር «በቅሎዋም የፊት እግሯን አንሥታ ወደ ውሃው» ይልና ያልቃል።

ኃይለየሱስ ለምን እንዳፈረ ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው፣ የለም ማለት አቅቶት፣ መጨረሻውን ከራሱ ፈጠረ። መጽሐፉ ያድነዋል ብዬ መጥቼ፣ እጄ ላይ የያዝኩት ማስረጃ በእሱ ላይ የሚመሰክር ሆነብኝ። በመጽሐፉ ቢሻው አልሞተም። ታዲያ ሻያ ላይ የሞተው ማነው? ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?

ጁሀራ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ። «ስሚኝ እህቴ። ፍየል በላው በይ። የጁሀራ ፍየል መጨረሻውን በላችው በይ። እኔ መጥቼ እመሰክራለሁ፤ ፍየሏንም አመጣለሁ።»

«ውሸት አይሆንም?»

«የእኔ ፍየል ያልበላችው ነገር የለም፤ ይሄ ቢጨመር ምን ይሆናል?»

በማግስቱ ጎባ ደረስኩ። ኃይለየሱስን ወደ መቶ አለቃው ክፍል ሲያስገቡት መጀመሪያ አላወቅሁትም። ዱቄቱ ረግፎለት ጢሙ ጥቁር ሆኗል። ያገባሁት ጊዜ ያየሁት ወጣት መስሎ ታየኝ።

መቶ አለቃው መጽሐፉን ተቀብለው የደራሲውን ስም አነበቡ። «አለ እንዴ እንዲህ የሚባል ሰው፤ ደህና» አሉ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገለበጡ። አዩት። ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ሻያ የታለ? የሰውየው ሞት የታለ?»

«ጎሮ ላይ… ፍየል…» አልኩ።

«ገባኝ፤ ተቀድዷል» አሉ ራሳቸው። መጽሐፉን ዘግተው፣ «እንግዲያው የመንግሥት ታጣቂ ሻያ ላይ ሰው ገደለ ብሎ የጻፈው ይህ አስረስ የተባለው ሰውዬ ነው። መልካም። አዲስ አበባ ይጻፍና እሱኑ ያስጠይቁት። አንተን አሁን የሚያቆይህ የለም» አሉ።

በልቤ «ተመስገን» አልኩ። ሊለቁት ነው። አስረስን አላውቀውም፤ በሶውንም በልቶልን አያውቅም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ የታየኝ የባለቤቴ መውጫ በር ብቻ ነው።

ኃይለየሱስ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። አስረስ ቤቱ ቁጭ ብሎ እየጻፈ በሩ ሲንኳኳ የታየው መሰለኝ።

«አይደለም ጌታዬ» አለ። «አስረስ አልገደለውም። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ጥጉ ላይ የነበረው ጸሐፊ ብዕሩን አነሣ። ባዳሳ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ግድግዳውን የተደገፍኩት ያኔ ነው።

«ማንን?» አሉ መቶ አለቃው ቀስ ብለው።

«ቢሻውን። ፍየልም አልበላውም። ስገዛውም መጨረሻ አልነበረውም። ሰው ይጠብቀኝ ነበር፤ የለም ማለት አቃተኝ። ሻያውንም፣ ነጭ ለባሹንም፣ ጥይቱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህ ሰው በጽሑፉ ያላሳየኝ ነገር የለም፤ በእኔ ውሸት ደጁ ፖሊስ እንዲደርስበት አልሻም።»

«መጽሐፉ ሻያ የማይል ከሆነ፣ አንተ የእውነት ሻያ ላይ የሞተ ሰው ኖሮ በመጽሐፍ እየሸፈንክ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?»

ይህ የምፈራው ጥያቄ ነበር። ኃይለየሱስ ግን ሥራው እንደተጠየቀ ሰው ቀና አለ።

«አንድ ገጽ ይግለጡልኝ፤ የወደዱትን። ላንብበውና ለአሥር አለቃው በኦሮምኛ ልንገረው። እሱ ደግሞ ለእርስዎ በአማርኛ ይመልስልዎ። እርስዎ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩት።»

መቶ አለቃው መሐል ላይ ገለጡ። ኃይለየሱስ በዝምታ አነበበና መልሶ ሰጣቸው። ከዚያ ወደ ባዳሳ ዞሮ መናገር ጀመረ። ባዳሳ መጀመሪያ ጠመንጃውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ቆይቶ ደግሞ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ረሳው። ኃይለየሱስ ሲያቆም «ኤሬ?» አለ፤ ታዲያስ ማለቱ ነው።

«አንተ የሰማኸውን ለእኔ ንገረኝ» አሉት መቶ አለቃው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው።

«ቢሻው ከገሰራ ገበያ የገዛትን ግራጫ በቅሎ ይዞ…»

«ገሰራ የሚል የለም። በቅሎዋ ግን አለች፣ ግራጫ ናት። ቀጥል።»

«ሻያ ዳር ወዳለችው አክስቱ ቤት ገባ።»

«"ወንዝ ዳር" ነው የሚለው። አክስቱ ትክክል ነው።»

«አክስቱም ስታየው አለቀሰች። ትኩስ ወተት ሰጠችው።»

«ውሃ ነው የሚለው!»

ኃይለየሱስ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ አገር ውሃ የሚጠይቅ መንገደኛ ቤት ገብቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ አይወጣም። ሰሚዎቼ አክስቱን ንፉግ ያደርጉብኛል ብዬ ነው» አለ።

«እውነቱን ነው ጌታዬ» አለ ባዳሳ በሙሉ ልቡ።

መቶ አለቃው ጣታቸው ከቆመበት መስመር እስከ ገጹ መጨረሻ ለብቻቸው አነበቡ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ገፋ አደረጉት። «ሰውየው ውሸታም ነው፤ ግን ሰው አልገደለም» አሉ ለጸሐፊው፤ ጸሐፊውም ብዕሩን አስቀመጠ። «ሄደህ ለሰዎችህ ቢሻው የሚባል እንደሌለ ንገራቸው። ከዛሬ ወዲያም ወፍጮ ቤት ንባብ የለም። መጽሐፍህን ቤትህ አንብብ።»

ወጣን። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዞት ነበር፤ ሰው እያየ እጄን ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሞ በሁለቱም ቋንቋ ነገራቸው፤ ቢሻው በመጽሐፍ ብቻ ያለ ነው፣ ሞቱንም እኔ ነኝ ያመጣሁት ብሎ። ነገሪ ተደሰተ፤ «አላልኩም? በላይኛው ሄዷል!» አለ። ሌሎቹ ወደ ወለተ ማርያም አዩ። አንዱ ተንኮለኛ፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ጠላ በማን ስም ተጠጣ?» ብሎ ቀለደባት።

ወለተ ማርያም አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔ ጌሾውን ስወቅጥም ሊጡን ሳቦካም በልቤ የነበረው ልጄ ነው። ለራሱ ላወጣለት ልቤ እንቢ አለኝ፤ ሞተ ማለት ሆነብኝ። በቢሻው አሳብቤ አወጣሁት። ለማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል» አለች። ከዚያ በኋላ የቀለደ የለም። የስሙን ነገር ለመምሬ ገብረወልድ ሳጫውታቸውም፣ «በሕይወት ያለ ሰው ስሙ በጸሎት ቢጠራ ምን ይጎዳዋል? ይልቅ ዕድሜ እንዲሰጠው አብረን እንለምን» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቂት ጥቂት መተኛት ቻልኩ።

ሞተሩ ሲቆም ግን ዝምታው ያስፈራ ነበር። መጽሐፉ ቤት፣ ሰው ጆንያው ላይ። ማንም አንብብ አላለውም፤ መከልከሉን ያውቃሉ። ኃይለየሱስ ሾፌሮቹን የሚጠይቀው ነገር ተለውጧል፤ አሁን «የቢሻውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ታውቃለህ?» ነው የሚለው። እስካሁን የሚያውቅ አልተገኘም።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አሥር አለቃ ባዳሳ ስንዴ አስጭኖ መጣ። የደንብ ልብስ አልለበሰም፤ ጋቢ ነው የደረበው። ቢሆንም ሰው ሁሉ ፊቱን መለሰ። ተራ ያዘ፤ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ጋለና ቆመ። ልከውት ይሆን? አልኩ በልቤ። ሊሰልለን ይሆን?

ባዳሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ኃይለየሱስ ጎንበስ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኦቦ ኃይለየሱስ፣ ጋንጌን ሱን ጬቴ?» አለው። ያቺ በቅሎ ተሻገረች ወይ? ማለቱ ነው።

ኃይለየሱስ ወደ እኔ አየ። አትመልስ ልለው እችል ነበር፤ ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር። ጎሮ ላይ ያየሁት የመጨረሻው መስመር፣ ወደ ውሃው የተነሣው የበቅሎዋ እግር ትዝ አለኝ። አልነቀነቅሁም።

«ጬቴ» አለ ኃይለየሱስ። ተሻግራለች።

ባዳሳ በረጅሙ ተነፈሰና ጆንያው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ወለተ ማርያምም ሳትጠራ ቀረበች። እኔ ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ዓይኔን የጎባ መንገድ ላይ፣ ጆሮዬን ከኋላዬ በሚነገረው ላይ አድርጌ።